ሐዋሳ ላይ ቤታችሁን ራሳችሁ ስትቀቡ፦ ከቀለሙ በፊት ግድግዳው ይድረቅ

ሐዋሳ ውስጥ ቤት የሚቀባው በብዛት ለበዓል ነው። ነሐሴ አልቆ ጳጉሜ ሲገባ ጋሎን አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ይበዛል። ለግድግዳ ግን ከዓመቱ ሁሉ የከፋው ጊዜ ይሄ ነው። ክረምቱ ገና አልወጣም። ብሎኬቱ ውሃ ጠጥቷል፣ አየሩም እርጥብ ነው። እንዲህ ያለ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም ለእንቁጣጣሽ ያምራል። ጥምቀት ሳይደርስ ግን ከታች በኩል ማበጥና መላጥ ይጀምራል። ወጪውም ድካሙም ያሳዝናል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ቀኑን አስተካክሉ። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ያለው ደረቅ ወቅት ይሻላል። ለታኅሣሥ 19 ገብርኤል ከሩቅ እንግዳ የምትቀበሉ ከሆነ ኅዳር መጀመሪያ ላይ ሥራውን ጀምሩ። ለእንቁጣጣሽ የግድ ቤቱ ይመር ካላችሁ ደግሞ ግድግዳውን በደንብ አጽዱና በሩንና መስኮቱን ብቻ ቀቡ። ዋናውን ለበጋ አቆዩት።

ቀለሙ ስንት ይበቃል?

ክፍሉ 4 በ4 ሜትር፣ ቁመቱ 2.80 ቢሆን ዙሪያው 16 ሜትር ነው። 16ን በ2.80 ስታባዙት ወደ 45 ካሬ ሜትር ይመጣል። በርና መስኮት ሲቀነስ 41 ገደማ ይቀራል። ሁለት እጅ ስለሚቀባ 82 ካሬ በሉት። ደህና ፕላስቲክ ቀለም በለሰለሰ ግድግዳ ላይ በሊትር 10 ካሬ ያህል ይሸፍናል። ሻካራ ልስን ላይ 7 ወይም 8 ቢሸፍን ነው። እንግዲህ ለዚህ ክፍል እንደ ግድግዳው ከ8 እስከ 12 ሊትር ያስፈልጋል። ጋሎን የሚባለው ሁሉ መጠኑ እኩል ስላልሆነ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ሁሉንም በአንድ ቀን ከአንድ ሱቅ ግዙ። በኋላ ተጨምሮ የሚመጣ ጋሎን መልኩ ትንሽ ሊለይ ይችላል፤ ያቺ ትንሽ ልዩነት ደግሞ ሳሎን መሃል ላይ ጎልታ ትታያለች።

ከዕቃው ሮለር፣ ሁለት ብሩሽ፣ እስፓቱላ፣ ሻካራና ለስላሳ የብርጭቆ ወረቀት፣ የወረቀት ፕላስተር፣ ባልዲና መሰላል ይበቃል። መሬቱን ለመሸፈን ላስቲክ ወይም አሮጌ ማዳበሪያ ተጠቀሙ። ገንዘብ መቆጠብ ካለባችሁ ከሌላው ቆጥቡ፣ ከብሩሽ ግን አትቆጥቡ። ርካሽ ብሩሽ ፀጉሩ ይረግፋል። ከእርጥብ ቀለም ላይ ፀጉር በጥፍር ስትለቅሙ ምልክቱ ይቀራል። አዲስ ሮለርም ከመነከሩ በፊት በሳሙና ታጥቦ ይድረቅ፤ ትርፍ ፀጉሩ ያኔ ይወጣል።

ግድግዳው እርጥብ መሆኑን እንዴት አውቃለሁ?

ሐዋሳ ላይ የሥራው ከባዱ ክፍል እዚህ ጋ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልናገር።

ወደ ሐዋሳ ሐይቅ የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባል። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። በሐይቁ ዙሪያ ባሉ ዝቅ ያሉ ሰፈሮች የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ ነው። ብሎኬትና ልስን ደግሞ ውስጣቸው ለዓይን የማይታይ ቀዳዳ የሞላበት ስለሆነ የፋኖስ ክር ጋዝ እንደሚስበው ከመሠረቱ ውሃ ወደ ላይ ይስባሉ። ውሃው ብቻውንም አይመጣም። ከአፈሩ፣ ከአሸዋውና ከሲሚንቶው ጨው አሟሙቶ ይዞ ይወጣል። ግድግዳው ፊት ላይ ሲደርስ ውሃው ይተንና ጨው ይቀራል። ከዞኮሎው በላይ የምታዩት፣ በጣት ሲነኩት የሚበነው ነጭ ዱቄት እሱ ነው። ቀለሙን ከኋላ እየገፋ የሚያላጠውም እሱ ነው።

እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ሁለት ስንዝር ያህል ንጹህ ላስቲክ ቁረጡ። ግድግዳው ላይ ለጥፉና አራቱንም ጠርዝ አየር እንዳያስገባ በፕላስተር ዝጉት። ሁለት ቀን ተዉት። ከዚያ ዓይናችሁን አቅርባችሁ ተመልከቱ። ጠብታው ከላስቲኩ ጀርባ፣ በግድግዳው በኩል ከሆነ ውሃው ከግድግዳው ውስጥ ነው የሚወጣው። ጠብታው በእናንተ በኩል ከሆነ ከክፍሉ አየር ነው፤ መስኮት በመክፈትና ልብስ ቤት ውስጥ ባለማስጣት ይቀንሳል። ሁለቱም ወገን ደረቅ ከሆነ ሥራውን መጀመር ትችላላችሁ።

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር «ከታች አንድ ሜትር ዘይት ቀለም ምታበት፣ ይዘጋዋል» የሚል ነው። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ዘይት ቀለም ውሃው እንዳይተን ይከለክላል እንጂ ከመሬት መምጣቱን አያስቆመውም። መውጫ ያጣው ውሃ ከዘይት ቀለሙ በላይ እስኪያልፍ ይወጣል። አንድ ጎረቤቴ ቤት ይህ ሆኖ አይቻለሁ። ዘይት ቀለሙ እዚህም እዚያም አብጦ ነበር። ያበጠውን በአውራ ጣት ስትጫኑት ይፈነዳና ውሃ ይወርዳል፤ ከሥሩ ልስኑ አሸዋ ሆኗል። በፊት ጉልበት ድረስ የነበረው እርጥበት ደግሞ ወገብ ላይ ደርሶ ነበር።

ትክክለኛው መንገድ ከውጭ ይጀምራል። ቤቱን ዙሩት። ግድግዳው ሥር የተከመረ አፈር ከውስጥ ወለል ከፍ ብሎ እንደሆነ ዝቅ አድርጉት። የአሸንዳው መውረጃ ውሃውን ግድግዳው እግር ላይ የሚያፈስ ከሆነ ቱቦ ቀጥላችሁ አርቁት። ግድግዳ ተደግፎ የተተከለ ጎመን ወይም አበባ ካለ ስታጠጡት ቤቱንም እያጠጣችሁት ነው። እርጥቡ ግድግዳ ከጀርባው ሻወር ወይም ማድ ቤት ካለው ደግሞ ቧንቧዎቹን ሁሉ ዝጉና የውሃ ቆጣሪውን ተመልከቱ። ማንም ሳይጠቀም የሚዞር ከሆነ የሆነ ቦታ የሚያፈስ ቱቦ አለ። እሱ ሳይጠገን ቀለም አትግዙ።

ከዚያ ወደ ውስጥ። ጨዉን በደረቅ ብሩሽ አራግፉ፣ የረገፈውንም ጠርጋችሁ ወደ ውጭ ጣሉ። በውሃ አትጠቡት። ውሃ ጨዉን ያሟሟውና መልሶ ወደ ግድግዳው ያስገባዋል። ከጥቂት ቀናት በኋላ እንደገና ብቅ ካለ እንደገና አራግፉ። ልስኑ በጣት የሚፈረፈር ከሆነ ከእርጥበቱ ምልክት ከፍ እስኪል ድረስ ፈንቅሉትና በሲሚንቶና አሸዋ ይለሰን። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ቀለም ከመንካቱ በፊት አራት ሳምንት ያህል መድረቅ አለበት። ከላይ ሲያዩት የደረቀ ይመስላል እንጂ ውስጡ ገና ነው። ትዕግሥት የሚጠይቀው ይህ ነው፤ ኅዳር ላይ ጀምሩ ያልኩትም ለዚህ ነው። በዚህ በታችኛው የግድግዳ ክፍል ላይ ጂፕሰም አትጠቀሙ፤ እርጥበት ሲያገኘው ይላሽቃል። ለቀለሙም ቢሆን ግድግዳው እንዲተነፍስ የሚያደርገውን ምረጡ። ኖራ እዚህ ቦታ ላይ ከውድ ቀለም ይበልጣል።

ማጽዳት፣ መፋቅ፣ መድፈን

ጥቁር ወይም አረንጓዴ ነጠብጣብ ካያችሁ ጨው ሳይሆን ሻጋታ ነው። ብዙ ጊዜ ቁም ሳጥን ጀርባና የመኝታ ቤት ጥግ ላይ ይወጣል። አንድ ኩባያ በረኪና በሦስት ኩባያ ውሃ በጥብጡና ቀቡት። ሩብ ሰዓት ጠብቃችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። መስኮት ክፈቱ፣ ጓንት አድርጉ፣ በረኪናን ከአሲድም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ። ማድ ቤትና ቡና የሚፈላበት ጥግ ላይ ያለውን ጥላሸትና ቅባት በዱቄት ሳሙና እጠቡ። ቅባት ላይ ቀለም አይዝም።

ቀጥሎ መዳፋችሁን ግድግዳው ላይ አሹ። እጃችሁ ነጭ ከሆነ ከሥሩ አሮጌ ኖራ አለ ማለት ነው። ፕላስቲክ ቀለም በሚበን ኖራ ላይ ቢቀባ ከኖራው ጋር ተያይዞ ይረግፋል። የላላውን በእስፓቱላ ፋቁ፣ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ ከዚያ አንድ እጅ ፕራይመር (ቀለሙ እንዲይዝ ቀድሞ የሚቀባ) ስጡት። እጃችሁ ንጹህ ከሆነና ቀለሙ በጥፍር የማይነሳ ከሆነ ሙሉ በሙሉ መፋቅ አያስፈልግም፤ በለስላሳ የብርጭቆ ወረቀት ማሸት ይበቃል።

በርና መስኮት ላይ ግን ተጠንቀቁ። አሮጌ ዘይት ቀለም ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል። በአገራችን በቀለም ውስጥ ያለ እርሳስ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን ክፍል 90) እንዳይበልጥ የሚከለክል ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ከዚያ በፊት የተቀባ በር በብዙ ቤት አለ። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ የሚገባውም በአቧራው በኩል ነው። ስለዚህ አሮጌ ዘይት ቀለም በደረቁ አትሹ። ውሃ የሚችል የብርጭቆ ወረቀት ገዝታችሁ እያራሳችሁ አሹ፣ ጭቃውን በጨርቅ ሰብስቡ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። ልጆችና ነፍሰ ጡር ሴት በዚያ ቀን ቤት ውስጥ ባይኖሩ ጥሩ ነው።

የሚስማር ቀዳዳና ስንጥቅ በስቱኮ ድፈኑ። ቀጭን ስንጥቅ ላይ ዝም ብላችሁ ከላይ አትለጥፉ። በእስፓቱላ ጫፍ ትንሽ ከፍታችሁ፣ አቧራውን አራግፋችሁ ሙሉት። ሲደርቅ አሹ። ስቱኮ የተደፈነበት ቦታ ቀለም ስለሚመጥ ለብቻው አንድ ጊዜ ቀድማችሁ ንኩት። ያለበለዚያ ከደረቀ በኋላም በጎን ብርሃን ይታያል።

ኮርኒስ ላይ ጣሪያ አፍስሶ የቀረ ቡናማ ምልክት ካለ ፕላስቲክ ቀለም አይሸፍነውም፤ በስንተኛውም እጅ ተመልሶ ይወጣል። ጣሪያው ከተጠገነና ኮርኒሱ ከደረቀ በኋላ ምልክቱን ብቻ በቀጭኑ ነጭ ዘይት ቀለም ንኩት። ሲደርቅ ከላይ ፕላስቲክ ቀለም ይሄዳል። ዘይት ቀለም ለዚህ ሥራ ተስማሚ ነው።

መቀባት

መብራቱን ከቆጣሪው አጥፉና የሶኬትና የማብሪያ ማጥፊያ ክዳኖችን ፍቱ። መጀመሪያ ኮርኒስ፣ ቀጥሎ ግድግዳ፣ በመጨረሻ በርና መስኮት።

የገዛችሁትን ጋሎን ሁሉ ትልቅ ባልዲ ውስጥ ገልብጡና አንድ ላይ አማስሉት። የመጀመሪያው እጅ እንዲሰርግ አንድ አሥረኛ ያህል ውሃ ይበቃዋል። ወተት እስኪመስል ማቅጠን ቀለም የተቆጠበ ያስመስላል፤ ግን በሁለት እጅ የሚያልቀው ሥራ ሦስት አራት እጅ ይወስዳል፣ ሲታጠብም ይለቃል። ሁለተኛው እጅ እንዳለ ይሂድ፣ ከፈለገ ጥቂት ውሃ ብቻ።

ጠርዙንና ጥጉን በብሩሽ አንድ ክንድ ያህል ጀምሩና ሳይደርቅ በሮለር ተከተሉ። ዙሪያውን ሁሉ በብሩሽ ጨርሶ ከዚያ ሮለር ማንሳት ድንበሩ እንዲታይ ያደርጋል። አንድ ግድግዳ ከጀመራችሁ መሃል ላይ ለቡና አትነሱ፤ እስከ ጥግ ጨርሱት። በሁለቱ እጆች መካከል ቆርቆሮው ላይ የተጻፈው ሰዓት ጥቂት ቢሆንም የሐዋሳ አየር እርጥበት ስላለው እኔ አዳሩን እተወዋለሁ።

ጠዋት ጀምሩ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅም አቁሙ። ሐይቁ አጠገብ የምትኖሩ በተለይ ይህን ልብ በሉ። ማታ መብራት አብርታችሁ መስኮት ከፍታችሁ ከቀባችሁ ትንኝ ይመጣና እርጥቡ ቀለም ላይ ይለጠፋል። ሲደርቅ ማንሳት አይቻልም፤ ማሸትና እንደገና መቀባት ነው።

ቀለም እንዳይነካው ጠርዝ ላይ የለጠፋችሁትን የወረቀት ፕላስተር ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ቀስ ብላችሁ አንሱ። ከደረቀ በኋላ ሲነሳ አዲሱን ቀለም ይዞ ይሄዳል።

ዕቃ ስትመልሱ ቁም ሳጥንና አልጋ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ፣ አየር ይለፍበት። ለአንድ ወር ያህል አዲሱን ቀለም በውሃ አትጠቡት። የተረፈውን ቀለም አንድ ትንሽ ዕቃ ውስጥ አድርጉና ክዳኑን ጠበቅ አድርጋችሁ ዝጉት። ላዩ ላይ የቀለሙን ቁጥር፣ የትኛው ክፍል እንደሆነና ቀኑን ጻፉ። ፀሐይ በማያገኘው ቦታ፣ ልጆች በማይደርሱበት አስቀምጡት። ሶፋ ግድግዳውን የቧጨረው ዕለት ይጠቅማችኋል።