በድንበር ዙሪያ የቡድን ኤግዚቢሽን ልታዘጋጁ ከሆነ እነዚህን ስህተቶች ራቁ

ድንበር ለቡድን ኤግዚቢሽን የሚመች ርዕስ ይመስላል፣ ሁሉም ሰው የሚለው ነገር አለው። ችግሩም የሚመጣው ከዛው ነው።

ትልቁ ስህተት ሁሉም ሰዓሊ እሾሃማ ሽቦና ካርታ ይዞ መምጣቱ ነው። ተመልካቹ ሶስተኛው ሽቦ ጋር ሲደርስ ቀሪውን ሳያየው ጨርሶታል። ድንበር እኮ የሚገባን አንድ ሰው እዛ ቦታ ላይ ሲደርስ ነው። የቤልጂየም ተወላጁ ሰዓሊ ፍራንሲስ አሊስ እ.ኤ.አ. በ2004 እየሩሳሌም ላይ የሰራውን እዩ፣ ታቹ የተበሳ የቀለም ቆርቆሮ ይዞ እ.ኤ.አ. ከ1948ቱ የአረብና የእስራኤል ጦርነት በኋላ ካርታ ላይ በአረንጓዴ እርሳስ የተሰመረውን የተኩስ አቁም መስመር ተከትሎ በእግሩ ሄደ፣ በቃ፣ ሌላ ምንም የለም፣ 24 ኪሎ ሜትር ላይ 58 ሊትር አረንጓዴ ቀለም መሬት ላይ እየፈሰሰ። ኮሎምቢያዊቷ ቀራፂ ዶሪስ ሳልሴዶ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 ለንደን ቴት ሞደርን ሙዚየም ውስጥ ወለሉን ሰነጠቀችው፣ 167 ሜትር፣ መግቢያው ጋር እንደ ፀጉር ቀጥኖ ይጀምርና ወደ ውስጥ እየሰፋ ይሄዳል። የሽቦ አጥሩም አለ፣ ግን ስንጥቁ ውስጥ ነው ያለው፣ የሚያየው ጎንበስ ያለ ሰው ብቻ ነው! ኤግዚቢሽኑ ሲያልቅ ስንጥቁ ተደፈነ፣ ጠባሳው ግን ወለሉ ላይ ቀረ። እኛም ጋር ቢሆን እኮ ጉዳዩ ሞልቷል፣ ድንበር ተገፋብኝ ብሎ ዓመት ሙሉ ፍርድ ቤት የሚመላለስ ገበሬ፣ ቤተክርስቲያን ውስጥ ከቅኔ ማኅሌት እስከ መቅደስ ማን የት ድረስ እንደሚገባ፣ ሰፈር ሲፈርስ ዙሪያውን የሚታጠረው ቆርቆሮ። ከነዚህ አንዱን ጠጋ ብሎ ያየ ሰዓሊ ሽቦ አያስፈልገውም።

ሌላው ርዕሱን ልቅ መተው ነው። ድንበር ብቻ ከተባለ የፍቅርም የአእምሮም የዘመንም ስዕል ይገባል። መስመሩን ያሰመረው ማነው? ዓይነት አንድ ጥያቄ ያዙና ሁሉም ለሱ ይስራ።

ይሄኛው በጣም ያመኛል፣ የሰውን ስቃይ ያለፈቃድ ግድግዳ ላይ መስቀል። በጅቡቲዋ ኦቦክ አድርጎ ባህር ተሻግሮ በየመን በኩል ሳዑዲ ለመግባት የሞከረ ልጅ ፊቱ ሁለት ሜትር ሆኖ ሲታተም እናቱ ልታየው እንደምትችል አስባችኋል? ፎቶው የት እንደሚሰቀል፣ ይሸጥ እንደሆነ፣ በሚገባው ቋንቋ ንገሩት፣ ሀሳቡን ከቀየረም አውርዱት። ፊት የግድ አይደለም፣ ልብስ ጠርዝ ውስጥ የተሰፋ ስልክ ቁጥር ብቻውን ብዙ ይናገራል።

አሰቃቀል ላይ ደግሞ እያንዳንዱ የራሱን ቦታ ይመርጥና የአንዱ ቪዲዮ ድምፅ የሌላውን ስዕል ይውጠዋል። ድምፅ ያለውን ስራ ለብቻው ክፍል ስጡት፣ ካልተቻለ በጆሮ ማዳመጫ ይሁን። የስዕሎቹን መሃል ከወለል 150 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ካደረጋችሁት ለአብዛኛው ሰው ዓይን ይመቻል።

ጽሑፉም አለ። አንድ ገጽ ሙሉ እንግሊዝኛ ለጥፎ አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ድንበር ማውራት ሰውን በር ላይ መመለስ ነው። አማርኛው ይቅደም፣ አፋን ኦሮሞም ቢጨመር ጥሩ ነው፣ አራት አምስት መስመር ይበቃል።

ብር ላይ፣ ጓደኛሞች ነን ብላችሁ በቃል አትተዉት። ጋለሪው ከሽያጩ ስንት ፐርሰንት ይወስዳል፣ ትራንስፖርቱን ማን ይችላል፣ ስራ ቢጎዳ ማን ይከፍላል፣ ሚስማር ሳይመታ በፊት ተጽፎ ይፈረም። በዚህ የተጣላ ቡድን ሁለተኛ አብሮ አይሰራም።

የመጨረሻው ኦፕኒንግ ላይ ተሰብስቦ ፎቶ ተነስቶ መጥፋት ነው። ጥያቄ ያለው ሰው የሚመጣው ግርግሩ ካለፈ በኋላ ነው፣ ተማሪው፣ ከስራ መልስ ጎራ የሚለው፣ ስለዚህ ተራ አውጡና ቢያንስ ቅዳሜና እሁድ ከሰዓሊዎቹ አንዱ አዳራሹ ውስጥ ይኑር።