ለክትባት የሚራባ ሴልን ከብክለት መጠበቅ፦ ከአውቶክሌቭ እስከ ሴረም

አራዳም ልደታም ላለ ላብራቶሪ የሚመጣ አውቶክሌቭ (ዕቃን በታፈነ እንፋሎት ቀቅሎ ከጀርም የሚያጸዳ ማሽን) መመሪያው ላይ ብዙ ጊዜ «15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ)፣ 121 ዲግሪ» ይላል። ልኩ የወጣው ለባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር አልፋ ስለተቀመጠች ጌጁ 15 ሲያነብ እንፋሎቱ 117 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። 121 ለመድረስ 18.5 አካባቢ ያስፈልጋል። ስለዚህ የምታምኑት ቴርሞሜትሩን ይሁን፤ ግፊት ከመጨመራችሁ በፊት ግን ዕቃው ይህን እንዲችል የተሠራ መሆኑን አረጋግጡ። የጠርሙስ ክዳን ላላ ይበል፤ አየር ከታፈነ እንፋሎት አይገባም። ሙቀት የሚቋቋመው ባክቴሪያ የጂኦባሲለስ ስቴሮተርሞፊለስ ስፖር ያለበት ወረቀት የጭነቱ መሐል አስቀምጡና ሲወጣ ከ55 እስከ 60 ዲግሪ አቆዩት፤ ከበቀለ ቅቀላው አልበቃም ማለት ነው። ያልተቀቀለ ሌላ ወረቀትም አብሮ ይግባ፤ እሱ ካልበቀለ ፈተናው ዋጋ የለውም።

ትልቁ አደጋ ግን አውቶክሌቭ በማይገባው ዕቃ ነው የሚመጣው፦ ሴሉ በሚመገበው ሴረም (የደም ውሃ) እና ሴሉን ከጠርሙሱ በሚያላቅቀው ኢንዛይም በትሪፕሲን። ከ1955 እስከ 1963 በተሰጠ የፖሊዮ ክትባት ውስጥ ኤስቪ40 የተባለ የዝንጀሮ ቫይረስ የገባው ከዝንጀሮ ኩላሊት ሴል ነበር፤ ቫይረሱን ይገድላል የተባለው ፎርማሊን ሙሉ በሙሉ አልገደለውም። ለከብት ክትባት ደግሞ የሚያስፈራው የቦቫይን ቫይራል ዳያሪያ ቫይረስ ነው። ጥጃው በማኅፀን ሳለ ይያዛል፣ ሴረሙም ከእሱ ደም ይወጣል። የ0.2 ማይክሮን ፊልተር ቫይረሱን አያስቀረውም፤ 56 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ ማሞቅም ዋስትና አይሆንም። በጋማ ጨረር የታከመ ሴረም ግዙ፤ እያንዳንዱን ባች ለይታችሁ አቆዩ፣ በሴረሙም የላም ሴል ወደ አዲስ ጠርሙስ እያሸጋገራችሁ ቢያንስ 21 ቀን አሳድጉ። ከዚያ ሴሉን ቫይረሱ ላይ ተጣብቆ በሚያበራ ፍሎረሰንት አንቲቦዲ ቀቡት። ብዙው ዝርያ ሴሉን ስለማይገድል በማይክሮስኮፕ አምሮ መታየቱ ምንም አያረጋግጥም።

ማይኮፕላዝማ የሚባለው ደቃቅ ባክቴሪያም እንዲሁ ተደብቆ ይኖራል። ሚዲያውን (ሴሉ የሚያድግበትን ፈሳሽ) አያደፈርስም፤ የሴል ግድግዳ ስለሌለው ፔኒሲሊን አይነካውም፣ በ0.2 ፊልተርም ሾልኮ ያልፋል። ከሰው አፍ ወይም ከሌላ ከተበከለ ሴል ይመጣል። አዲስ የመጣ ሴል ውጤቱ እስኪታወቅ ለብቻው ኢንኩቤተር ይግባ፤ ከምርመራው በፊት ሁለት ሳምንት ያለ አንቲባዮቲክ አሳድጉት። ዲኤንኤ በሚያበራው ቀለም በሄክስት ሲቀባ ንጹሕ ሴል ላይ ኒውክለሱ ብቻ ሰማያዊ ያበራል፤ የተበከለው ዙሪያውን ደቃቅ ነጠብጣብ የተነሰነሰበት ይመስላል። ማይኮፕላዝማውን በምግቡ ላይ ለማብቀል የሚሞከርበት፣ ለ28 ቀን የሚቆየው የካልቸር ምርመራ አብሮ ይሠራ። የተበከለውን ለማዳን አትድከሙ፤ ቀቅላችሁ ጣሉትና ለዘር ከተቀመጠው ንጹሕ ሴል እንደገና ጀምሩ።

በአንድ ጊዜ አንድ የሴል ዓይነት ብቻ፣ ለእያንዳንዱም የራሱ የሚዲያ ጠርሙስ። ቫይረስ ያልነካው መጀመሪያ፣ የነካው መጨረሻ ይሠራ።

መብራት ሲጠፋ ሴል የሚሠራበት፣ የተጣራ አየር የሚነፍስበት ካቢኔት ንፋሱ ይቆማል፣ መከላከያውም አብሮ ያበቃል። ወዲያው ክዳኑን ግጠሙ፣ እጃችሁን አውጡ። ሲመለስ 15 ደቂቃ ይንፈስ፣ ወለሉን በ70 በመቶ አልኮል ጥረጉ። መብራት ሲጠፋ አፉ ክፍት የነበረ ጠርሙስ፣ የቱንም ያህል ውድ ሴረም ቢኖርበት፣ ይጣላል።