ከባሕር ዳር ሆነው በኢንተርኔት ጨረታ ሲገዙ እንዳይጭበረበሩ

ባሕር ዳር ላይ ያገለገለ የጀልባ ሞተር፣ ጄኔሬተር ወይም ደህና ላፕቶፕ ገበያ ወርዶ ያጣ ሰው ስልኩን ይከፍታል። ዕቃው ብዙ ጊዜ የሚገኘው አዲስ አበባ፣ አንዳንዴም ውጭ አገር ነው። አጭበርባሪ የሚጠቀመውም በዚሁ ርቀት ነው፤ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ዕቃውን የሚያይ እንደሌለ ያውቃል።

መጀመሪያ ትክክለኛውን ዋጋ ይወቁ። የጀልባ ሞተር ከሆነ ጣና ዳር ካሉት ጀልባ ነጂዎች አንዱን ይጠይቁ፤ ስንት እንደሚያወጣ ብቻ ሳይሆን የቱ ክፍሉ ቶሎ እንደሚበላሽም ይነግርዎታል። ከዚያ ከዚህ በላይ አልሄድም የሚሉትን ዋጋ ይቁረጡ። ኢቤይ (eBay) በሚባለው የውጭ አገር የጨረታ ድረ ገጽ ላይ ይህን ከፍተኛ ዋጋ አንዴ ካስገቡ፣ ሌላ ሰው ሲጨምር ሲስተሙ በትንሽ በትንሹ እያሳደገ ይጫረትልዎታል። ቴሌግራም ላይ በኮመንት የሚካሄድ ጨረታ ግን እንዲህ ያለ ሥርዓት የለውም። የሻጩ ጓደኛ ተጫራች መስሎ ገብቶ ዋጋ ይሰቅላል። ኢቤይም ይህን ቢከለክልም ፈጽሞ አይጠፋም። እርስዎ በጨመሩ ቁጥር ከሥር ከሥር የሚጨምር፣ ሌላ ዕቃ ላይ ታይቶ የማያውቅ ስም ካጋጠመዎት ጨረታውን ጥለው ይውጡ።

ቀጥሎ ሻጩን ይመርምሩ። የቀድሞ ገዢዎች ከጻፉለት ውስጥ ከምስጋናው ይልቅ ወቀሳውን ያንብቡ፣ ከዚህ በፊት ምን ይሸጥ እንደነበረም ይዩ። የስልክ ሽፋን ሲሸጥ ኖሮ ዛሬ ድንገት ውድ ሞተር ያወጣ ሰው ያጠራጥራል። የቴሌግራም ቻናል ተከታይ ብዛት ምንም ማስረጃ አይሆንም፤ በገንዘብ ይገዛል።

ዋናው ሥራ ዕቃው በእርግጥ በሻጩ እጅ መኖሩን ማረጋገጥ ነው። ፎቶውን ጉግል ሌንስ ላይ ያስገቡት፣ ያው ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ሌላ የት እንዳለ ያሳያል፤ የሌላ አገር ሻጭ ገጽ ላይ ከተገኘ ነገሩ አለቀ። ካልተገኘም የእርስዎን ስምና የዕለቱን ቀን ወረቀት ላይ ጽፎ ዕቃው ላይ አስደግፎ እንዲያነሳልዎ ይጠይቁ። የያማሃ ሞተር ከሆነ ጀልባው ላይ በሚታሰርበት ክፍል የተለጠፈውን መለያ ቁጥር ያሳይዎ። ከዚያ በቪዲዮ ጥሪ ያስነሳው፣ ግን የሞተሩ እግር በርሜል ውሃ ውስጥ ተነክሮ። ሞተሩ ሲሠራ ከጎኑ ቀጭን ውሃ እየተወረወረ መውጣት አለበት። ካልወጣ ቀዳዳው ተደፍኗል ወይም የማቀዝቀዣ ፓምፑ ታሟል። በደረቁ አስነስቶ «ድምፁን ይስሙት እንጂ!» የሚልዎ ሻጭ ወይ ሞተር አያውቅም፣ ወይ የሚደብቀው ነገር አለው።

ለስልክ ነገሩ ቀላል ነው፦ *#06# ሲደወል የሚመጣው የስልኩ መለያ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ይመሳሰል። አይፎን ከሆነ ደግሞ የቀድሞው ባለቤት የአፕል አካውንቱን ፊት ለፊት ከስልኩ ላይ ያውጣ፤ አለበለዚያ የተቆለፈ ስልክ ታቅፈው ይቀራሉ።

ክፍያ ላይ ሲደርሱ «ሦስት ሰው እየጠየቀኝ ነው፣ ቀብድ ይላኩና ልያዝልዎ» ይባላሉ። አይላኩ። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ወይም ወዳጅ ሄዶ ዕቃውን አይቶ፣ ሞክሮ፣ እዚያው እጅ በእጅ ይክፈል። የግድ ማስተላለፍ ካለብዎ ማረጋገጫውን ከመጫንዎ በፊት የሚመጣውን የተቀባይ ስም ያንብቡ። ሻጩ አቶ እገሌ ሆኖ አካውንቱ የሌላ ሰው ከሆነ «የወንድሜ ነው» የሚለውን አይቀበሉ። «በአውቶቡስ ጭኜዋለሁ» ብሎ የደረሰኝ ፎቶ ከላከም፣ እሱ በሰጠዎት ቁጥር ሳይሆን ራስዎ ፈልገው ባገኙት የድርጅቱ ስልክ ደውለው ያጣሩ።

ኢቤይ ዕቃው ካልመጣ ወይም ከተባለው የተለየ ከሆነ ገንዘብ የሚመልሰው ክፍያው በራሱ በኩል ሲያልፍ ነው። «ከኢቤይ ውጭ ላክልኝና ልቀንስልህ» ማለት ይህን ዋስትና ጣልልኝ ማለት ነው። ጨረታው ካመለጠዎት በኋላ «አሸናፊው ስለቀረ ለእርስዎ ልስጥ» የሚል ኢሜይል ሊመጣም ይችላል። እውነተኛ ከሆነ ኢቤይ አካውንትዎ ውስጥ ባለው የመልእክት ሳጥን ይገኛል፤ እዚያ ከሌለ ይሰርዙት። ዕቃውን አሜሪካ ያለ ዘመድ የሚቀበልልዎ ከሆነ ወደ ኢትዮጵያ ከመላኩ በፊት ከፍቶ ይሞክረው። ከመጀመሪያው አድራሻ ወደ ሌላ ቦታ ከተላከ በኋላ ዋስትናው አይሠራምና።

ከተጭበረበሩ ከሻጩ ጋር በመጨቃጨቅ ጊዜ አያጥፉ። መጀመሪያ ከሻጩ ጋር የተጻጻፉትን በሙሉ ስክሪንሾት ያንሱ፤ ቴሌግራም ላይ አንዱ ወገን የሁለቱንም ወገን መልእክት ማጥፋት ይችላል። ወዲያው ወደ ባንክዎ ይደውሉ፣ ንግድ ባንክ ከሆነ 951፣ ቴሌብር ከሆነ 127። የክፍያውን መለያ ቁጥር፣ የተቀባዩን ስምና ሰዓቱን ይንገሩ። ገንዘቡ ከአካውንቱ ገና ካልወጣ ሊታገድ ይችል ይሆናል። ከዚያ ስክሪንሾቱንና የባንክ መግለጫውን አትመው ወደ ፖሊስ ይሂዱ። በኮምፒውተር የሚፈጸም ማጭበርበር በአዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል ስለሆነ፣ «የራስህ ጥፋት ነው» ቢባሉም ቃልዎን ሳይሰጡ አይመለሱ።