ሲክ ሊቭ ለልጅም፣ ለእናትም፣ ላሳደገች አክስትም

ሲያትልና አካባቢው በሰዓት እየተከፈላችሁ ለምትሠሩ ነው የምጽፈው። በዋሽንግተን ግዛት ሕግ በየ40 የሥራ ሰዓቱ 1 ሰዓት የሚከፈልበት ሲክ ሊቭ (የሕመም ፈቃድ) ይጠራቀምላችኋል። ፓርት ታይምም ብትሆኑ። ብዙዎቻችን ራሳችን ታመን ካልተኛን የማይነካ ይመስለናል፤ ተሳስተናል።

መጀመሪያ ስንት ሰዓት እንዳላችሁ እዩ። አዲስ ተቀጣሪ መጠቀም የሚችለው ከ90ኛው ቀን ጀምሮ ነው።

ከዚያ ማንን ልታስታምሙ ነው? ልጅ፣ ባልና ሚስት፣ ወላጅ፣ አማት፣ አያት፣ የልጅ ልጅ፣ ወንድምና እህት ድሮም አሉበት። ከጃንዋሪ 2025 ወዲህ ደግሞ እንክብካቤው በእናንተ ላይ የወደቀ፣ እንድታስታምሙትም የሚጠበቅባችሁ ሰው ተጨምሯል። ያሳደገቻችሁና አሁን የምትንከባከቧት አክስት በዚህ ትገባለች። ኪራይ ስለተጋራችሁ ብቻ ደባል አይገባም። እናትን ለምርመራ ይዞ መሄድም ይቆጠራል።

አሁን ዋናው፦ አጠያየቁ። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ጋ ነው። ልጄን ሌሊት ትኩሳት ያዛት። 11 ሰዓት ላይ ማናጀሬ ጋ ደውዬ «ቤት ችግር ገጥሞኝ ነው፣ ዛሬ አልመጣም» አልኩት። «እሺ» አለኝ። የቤትን ጉዳይ መዘርዘር ይሉኝታ ያዘኝ። ቼኩ ሲመጣ 8 ሰዓት ጎድሏል፤ ይባስ ብሎ ያለፈቃድ ቀርቷል ተብሎ የቅጣት ነጥብ ተይዞብኛል። ብጠይቀው «ሲክ ሊቭ መቼ አልክ?» አለኝ። የተጠራቀመ 22 ሰዓት ነበረኝ!

ስለዚህ አትደውሉ፣ ቴክስት አድርጉ። «ልጄ ታማለች፣ የዛሬውን ሺፍት በሲክ ሊቭ ያዝልኝ» ይበቃል። እንግሊዝኛው ቢሰባበርም ሲክ ሊቭ የሚለው ቃል አይቅር። ከደወላችሁም ስልኩን እንደዘጋችሁ ያንኑ ጻፉለት። ስክሪንሾት አንሱ። ቀደም ብሎ የተያዘ ቀጠሮ ከሆነ ድርጅቱ እስከ 10 ቀን ቀድማችሁ እንድታሳውቁ ሊጠይቅ ይችላል።

«የሚተካህን ሰው ፈልግ» ካሏችሁ እሺ አትበሉ፤ ያንን ማስገደድ አይችሉም። ሺፍት መለማመን ለእኔ መብትን በነፃ መስጠት ነው። የሐኪም ወረቀትም ሊጠይቁ የሚችሉት በተከታታይ ከሦስት የሥራ ቀን በላይ ስትቀሩ ነው። በሕጉ መሠረት ለወሰዳችሁት ሲክ ሊቭ የቅጣት ነጥብ መያዝ ክልክል ነው። እምቢ ካሉ የግዛቱ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ሌበር ኤንድ ኢንደስትሪስ፣ አለ፤ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ነፃ ነው።

የእኔ 8 ሰዓት ለኤችአር (ለድርጅቱ የሠራተኞች አስተዳደር) ከጻፍኩ በኋላ በቀጣዩ ቼክ ገባ። ነጥቡን ለማስነሳት ግን ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ።