ከፕሮላክቲን ምርመራ በፊት መድኃኒትን እንዴት ማጣራት ይገባል?

ሳትወልድና ሳታጠባ ከጡቷ ወተት የሚፈስ ወይም የወር አበባዋ የቀረ ሴት፣ እርግዝና አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ፣ የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ከነማሸጊያቸው በፌስታል ይዛ ለሐኪሟ ማሳየት ይኖርባታል። በአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ ዕጢ ጡት ወተት እንዲያመነጭ የሚያደርገውን ሆርሞን፣ ፕሮላክቲንን፣ እንዳያበዛ ሃይፖታላመስ ከተባለው የአንጎል ክፍል የሚወርደው ዶፓሚን የተባለ ኬሚካል ዘወትር ይገታዋል፤ ለማቅለሽለሽ የሚታዘዘው ሜቶክሎፕራማይድ፣ እንዲሁም ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ሃሎፔሪዶልና ሪስፔሪዶን ግን ዶፓሚን የሚያርፍበትን ተቀባይ ስለሚዘጉ፣ ልጓሙ ይላላና ሆርሞኑ ከልክ በላይ ይለቀቃል።

ከአጋሮ በማለዳ ሚኒባስ ተሳፍራ ጅማ የደረሰች ታካሚ፣ ጭንቀት ራሱ ፕሮላክቲንን ስለሚጨምር፣ ደም ከመስጠቷ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል አረፍ ብላ ብትቀመጥ መልካም ነው።

ውጤቱ ከፍ ካለ፣ ሐኪሙ ሲፈቅድ ብቻ መድኃኒቱ ለ3 ቀናት ቆሞ ወይም በሌላ ተተክቶ ምርመራው ይደገማል። የአእምሮ ሕመም መድኃኒትን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ሕመሙን ሊቀሰቅስ ስለሚችል፣ ማንም እንዳይሞክረው አጥብቄ እለምናለሁ።

ፕሬድኒሶሎን የተባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት ለሳምንታት የወሰደ ሰውም ድንገት ማቆም የለበትም፤ መድኃኒቱ ፒቱታሪ ከኩላሊት በላይ ወዳለው አድሬናል ዕጢ የሚልከውን ኤሲቲኤች የተባለ ሆርሞን ስለሚያዳክም፣ ሰውነቱ ከአድሬናል የሚያገኘውን ኮርቲዞል የተባለ አስፈላጊ ሆርሞን በበቂ መጠን አጥቶ ለሕይወት አስጊ ሁኔታ ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ መጠኑ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ይቀነሳል።