ያልጠየቅኩት የማስታወቂያ ኢሜይል እንዴት ጋብ አለልኝ

የምጽፈው ስለ ጾም ምግብ ነው። ኢሜይሌን ገጼ ላይ ያስቀመጥኩት አንባቢ ስለ ሽሮ አሠራር ቢጠይቀኝ ብዬ ነበር። የመጣው ግን ሌላ ነው። ሁዳዴ መሀል አንድ የአሜሪካ የሕዝብ ግንኙነት ድርጅት "ስለ አዲሱ የበሬ ቋንጣችን ይጻፉልን" አለኝ። ዝም ስል በሦስተኛው ቀን "መልእክቴን አይተውት ይሆን?" ብሎ ደገመ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። በዚህ ሁሉ ክምር ውስጥ አንዲት እናት ስለ ልጇ የለውዝ አለርጂ የጻፈችልኝን ጥያቄ ሁለት ሳምንት ሳላየው ቀረሁ። ያንገበገበኝ እሱ ነው።

መጀመሪያ "አይላክልኝ" የሚለውን ሊንክ ተጫንኩ። የአሜሪካው የ2003 (እ.ኤ.አ.) የማስታወቂያ ኢሜይል ሕግ ላኪው ቀድሞ ፈቃድ እንዲጠይቅ አያስገድድም። አልፈልግም ከተባለ ግን በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ማቆም አለበት። አንዳንዶቹ አቆሙ። አድራሻዬ ያለበት ዝርዝር ግን ከእጅ ወደ እጅ ስለሚዞር አዲስ ላኪ አይጠፋም።

የሠራልኝ ይሄ ነው። ጂሜይል ላይ አድራሻችሁ ውስጥ ከ@ በፊት ካለው ስም ቀጥሎ የመደመር ምልክትና አንድ ቃል ብትጨምሩ መልእክቱ እዚያው ሳጥናችሁ ይገባል። ገጼ ላይ ያለውን አድራሻ እንዲህ ቀየርኩና ከሥሩ "ርዕሱ ላይ ሽሮ ብለው ይጻፉ" አልኩ። ከዚያ ፊልተር ሠራሁ። ወደዚያ አድራሻ መጥቶ "ሽሮ" የማይል ሁሉ ኢንቦክስ ሳይገባ ለብቻው ይቀመጣል። በአሮጌው አድራሻ የሚመጣውንም "ጋዜጣዊ መግለጫ" የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል እየለየ ወደዚያው ይወስደዋል። አልሰርዘውም፤ አርብ አርብ አየት አደርገዋለሁ።

ለእናትየዋ ይቅርታ ጠይቄ መለስኩላት። ትናንት ኢንቦክሴን ስከፍት አራት ደብዳቤ ነበር። አራቱም ሽሮ።