ፍሬ ፍሬው ሹራብ መሃል ላይ መስመር ሲያወጣ

ይህን የምጽፈው ቀኝና ግልብጥ መሥራት ለምታውቁ ነው። ለመግባባት ያህል፣ ዓይን የምለው መርፌ ላይ የሚሠራውን አንዱን የክር ቀለበት ነው፤ ቀኝ የምለው ከፊት ሲያዩት እንደ «ቪ» የሚታየውን ዓይን ነው፤ ግልብጥ የምለው አንገቱ ላይ ጉብ ያለ ፍሬ ያለውን።

ምልክቱ፦ አንድ ቀኝ አንድ ግልብጥ እያላችሁ የጀመራችሁት ፍሬ ፍሬ ሥራ፣ በድንገት እንደ እጅጌ ላስቲክ ሽቅብ መስመር ያወጣል። ተበላሸብኝ ተብሎ ከሚመጣልኝ ሹራብ አብዛኛው ይህ ነው።

ምክንያቱ፦ ትርፍ ዓይን። ከቀኝ ወደ ግልብጥ ሲታለፍ ክሩ በሁለቱ መርፌዎች መካከል ወደ ፊት መምጣት አለበት። በመርፌው ላይ ተጠምጥሞ ከመጣ ግን አንድ ዓይን ይጨምራል። ለምሳሌ በ61 ዓይን ጀምራችሁ ከሆነ፣ 61 የነበረው 62 ሆነ ማለት ነው። በ61 ሁሉም ረድፍ በቀኝ ይጀምራል፤ ፍሬውም ራሱ ቦታውን ይይዛል። በ62 እንደዚያው በቀኝ ከጀመራችሁ ቀኝ በቀኝ ላይ፣ ግልብጥ በግልብጥ ላይ ይደራረባል፤ ወርዱ ሁሉ ላስቲክ ይሆናል። ቡና ቀርቦ ወሬ ሲደራ፣ በተለይ በጥቁር ክር፣ ማንም አያየውም።

መፍትሄው፦ እዚያው ረድፍ ላይ ከነቃችሁ ትርፉን ከመርፌው ጣሉት፤ የላላውን ክር ግራና ቀኝ ላሉት ዓይኖች በመርፌ ጫፍ አከፋፍሉት። ረድፎች ካለፉ መተርተር የግድ ነው። መርፌውን መዝዛችሁ ግን እንዳትጀምሩ! መጀመሪያ ለስላሳና ቀለሙ የተለየ ክር በስፌት መርፌ ይዛችሁ፣ ከስህተቱ በታች ባለው ደህና ረድፍ የእያንዳንዱን ዓይን ቀኝ እግር (ከቀለበቱ ሁለት ጎኖች በቀኝ እጅ በኩል ያለውን) እየለቀማችሁ አሳልፉ። ቁጠሩ፤ 61 ካልሞላ አንድ ዘላችኋል። ከዚያ በኋላ ቀለሙ እስከተለየው ክር ድረስ ተርትሩ። ዓይኖቹን ወደ መርፌ ስትመልሱ ቀኝ እግራቸው ከፊት ይሁን፤ ካልሆነ ተጠማዞ ይቀራል።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት የልጇን ብርድ ልብስ አመጣችልኝ። ስንዝር ያህል መስመር አውጥቷል። እሷ ደግሞ እንዲጠፋላት በጋለ ካውያ ተጭናዋለች። ክሩ አክሪሊክ ነበር፤ ቀልጦ ተኛ፤ ደህናው ፍሬ ሳይቀር ልሙጥ ሆነ። እሱን የሚመልስ ነገር የለም። አክሪሊክ ላይ ካውያ አታሳርፉ። በጭራሽ።

ቁጥሩ ልክ ሆኖ አንድ ፍሬ ብቻ ቦታውን ከሳተ ሁሉን አትተርትሩ። በዚያ አምድ ላይ ያለውን አንዱን ዓይን ብቻ ከመርፌ አውጥታችሁ ከስህተቱ በታች ድረስ ልቀቁት፤ ክሩ እንደ መሰላል ይዘረጋል። ኪሮሽ ያዙና ከታች ወደ ላይ ውጡ። ለቀኝ፣ የመሰላሉ ክር ከዓይኑ ኋላ ይሁን፤ ኪሮሹ ከፊት ገብቶ ይሳበው። ለግልብጥ፣ ክሩ ከፊት ይሁን፤ ኪሮሹ ከኋላ ይግባ። አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከኋላ። አንድ እርከን ከዘለላችሁ ቀዳዳ ይቀራል። የኪሮሹ ጫፍ ሻካራ ከሆነ ጣሉት፤ ክሩን ሰነጣጥቆ የባሰ ያደርገዋል። በየሁለት ሜትሩ ቋጠሮ ያለበት ርካሽ ልቃቂትም እንደዚሁ፦ ቋጠሮው ከፍሬው ጋር ይምታታል፣ ሲተረተርም ይያዛል።

ሹራባችሁ ጉንጉን (ዓይኖች እየተቋለፉ እንደ ሹሩባ የሚሠሩበት) ካለውና እሱ በተቃራኒ ከዞረም መንገዱ ተመሳሳይ ነው፦ የጉንጉኑን ዓይኖች ብቻ እስከ ዞረበት ረድፍ አውርዳችሁ ደግማችሁ አቋልፏቸው።